እርጥብ ቀለም አይነካም፦ የተበላሸ የአውሮፕላን ሞዴልን ያዳንኩበት መንገድ

የፕላስቲክ ሞዴል የሚገጣጥም ሰው በመቁረጥ፣ በመሞረድና በማጣበቅ ጊዜ የሚፈጠረውን ጉድለት በስቱኮና በብርጭቆ ወረቀት እያስተካከለ ያልፋል፤ ቀለም ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቀለም የሚቀባው ሌላው ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ አንድ ጥግ ሲበላሽ ሙሉ ልፋቱ የጠፋ ይመስላል፤ ሰው በዚያ ስሜት ውስጥ ሆኖ ለማዳን የሚያደርገው ነገር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱን ያሰፋዋል። እኔ ይህን ያየሁት በ1/48 መጠን በተሠራ የስፒትፋየር (የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ ተዋጊ አውሮፕላን) ሞዴል ላይ ነው። ቀለሙ መጀመሪያ ተላጠ፣ ቀጥሎ ተሸበሸበ፣ እንደገና ሲቀባ ሻከረ፣ በመጨረሻም ቫርኒሹ ነጭ ጉም ለበሰ። ሞዴሉ ግን አልተጣለም። የሆነውን በቅደም ተከተል የምጽፈው፣ ከእነዚህ አንዱ ሲደርስባችሁ ምን እንደሆነና ምን እንደሚደረግ ቀድማችሁ እንድታውቁ ነው።

የችግሩ ሥር ቀለም ከመከፈቱ በፊት ነበር። የሞዴል ክፍሎች የሚሠሩት የቀለጠ ፖሊስታይሪን በከፍተኛ ግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫ ተገፍቶ ሲሆን፣ ክፍሉ በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚደረገው ቅባት አንዳንድ ጊዜ ላዩ ላይ ይቀራል። በሥራ ወቅት ከጣቶቻችን የሚተላለፈው ወዝና ከሞረድ የሚወጣው ብናኝም ይጨመርበታል። ይህን ዓይን አያየውም፤ ቀለም ግን ያገኘዋል። ስለዚህ ክፍሎቹን ከፍሬማቸው፣ ማለትም አያይዟቸው ከሚመጣው የፕላስቲክ ዘንግ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እያሻሻችሁ እጠቧቸው፤ ከዚያም በደንብ አለቅልቃችሁ በራሳቸው ጊዜ እንዲደርቁ ተዉአቸው። ውሃው የፈላ መሆን የለበትም፤ ስስ ክፍሎች ይጣመማሉ። ተገጣጥሞ ሲያልቅ ደግሞ ቀለም ከመቀባቱ በፊት በአይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ ፀጉር የማይተው ጨርቅ አንድ ጊዜ መጥረግ ይበቃል። በአሴቶን ግን በፍጹም አትጥረጉ፤ አሴቶን ፖሊስታይሪንን ያሟሟል።

ከቀለም በፊት የሚረጨውን መሠረታዊ ሽፋን፣ ፕራይመርን፣ በተመለከተ ሞዴል ሠሪዎች ይከራከራሉ፤ ጊዜ ማባከን ነው የሚሉም አሉ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም የምትቀቡ ከሆነ ፕራይመርን አትዝለሉ። በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ፕላስቲኩን የሚያሟሟ ፈሳሽ ስለሌለው በላዩ ላይ እንደ ስስ ሽፋን ብቻ ያርፋል፤ ላከር (ብርቱ ማቅጠኛ ፈሳሽ ያለበት) ፕራይመር ግን የፕላስቲኩን የላይኛውን ገጽ በጥቂቱ ነክሶ ይይዛል። ሁለተኛው ጥቅሙ ጉድለትን ማጋለጡ ነው። ነጭ ስቱኮ፣ ግራጫ ፕላስቲክና ግልጽ ሙጫ ጎን ለጎን ሲሆኑ መገጣጠሚያው የተስተካከለ መስሎ ይታያል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሲለብሱ ግን ያልተሞላው ስንጥቅና ያልጠፋው ጭረት ራሱን ያሳያል። ያኔ ማስተካከል ቀላል ነው፤ ሦስት ቀለም ካረፈበት በኋላ ግን አይደለም። በእኔ ሞዴል ላይ የክንፎቹ የታችኛው ገጽ ፕራይመር በጣም ስስ ሆኖ ነበር የተረጨው፤ በአንዳንድ ቦታ ጨርሶ አልደረሰም።

የመጀመሪያው ጉዳት የታየውም እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ የብሪታንያ የቀን ተዋጊ አውሮፕላኖች ከላይ ጠቆር ያለ አረንጓዴና የውቅያኖስ ግራጫ፣ ከታች መካከለኛ የባሕር ግራጫ ይቀቡ ነበር። የታችኛውን ግራጫ ቀብቼ ከደረቀ በኋላ የላይኛውን ለመርጨት ዳር ዳሩን በማስኪንግ ቴፕ ሸፈንኩት። ቴፑን ሳነሣ ግራጫው አብሮ ተነሣ፤ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ባዶ ፕላስቲክ ወጣ። ወዲያውኑ በብሩሽ ቀለም ጨምሬ ሞላሁት። ቀዳዳው ተሸፈነ፤ የጠርዙ ደረጃ ግን ቀረ፤ በላዩ ላይ ያረፈው እያንዳንዱ እጅ ቀለምም ያንን ደረጃ ይበልጥ አጎላው።

ቀለም በቴፕ ሲላጥባችሁ ማድረግ ያለባችሁ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የቀረው ቀለም ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ድረስ ጠብቁ፤ ለአክሪሊክ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት። ከዚያም ከ1000 እስከ 1500 ቁጥር ባለው የብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ እያስነካችሁ፣ የተላጠውን ጠርዝ ወደ ውጭ እያሳሳችሁ አሹ። መለኪያው ዓይን ሳይሆን ጥፍር ነው፤ ጥፍራችሁን ከባዶው ወደ ቀለሙ ስታንሸራትቱ ምንም የማይዛችሁ ከሆነ ጠርዙ ጠፍቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ባዶውን ቦታ ፕራይመር አስነኩ፣ ከደረቀ በኋላም ቀለሙን በስሱ፣ ከአንድ እጅ በላይ አድርጋችሁ መልሱ። ሥራው ከተጀመረ አጭር ነው፤ ረጅሙ መጠበቁ ነው።

ቴፑም የራሱ ሥርዓት አለው። አዲስ ቴፕ እንደተቆረጠ ሞዴል ላይ አይለጠፍም፤ አንድ ሁለት ጊዜ ንጹሕ መስታወት ላይ ወይም የእጅ ጀርባ ላይ ለጥፋችሁ አንሡትና የሙጫው ኃይል ይቀንስ። ሥራው እንዳለቀም ለቀናት ሳታቆዩ አንሡት፤ ስታነሡ ወደ ላይ አትሳቡት፤ ወደ ራሱ አጥፋችሁ፣ ከገጹ ጋር በጣም ዝቅ ባለ ማዕዘን፣ በዝግታ ጎትቱት። ሌላው የቴፕ ጣጣ ቀለም ከሥሩ መግባቱ ነው። ለዚህ እስካሁን ያላሳፈረኝ ዘዴ፣ ቴፑን ለጥፎ ጠርዙን በጥርስ መፋቂያ ከተጫኑ በኋላ፣ አዲሱን ቀለም ከመርጨት በፊት ከሥር ያለውን ያንኑ ቀለም ወይም ግልጽ ቫርኒሽ በጠርዙ ላይ በስሱ መርጨት ነው። በቴፑ ሥር የሚገባ ነገር ካለ የሚገባው ያው ቀለም ስለሆነ አይታይም፤ ክፍተቱም ለአዲሱ ቀለም ተዘግቶ ይቆያል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነው ሞዴሉን ለመጣል ጥቂት እስኪቀረኝ ያደረሰኝ። የታችኛውን ግራጫ ትክክለኛ ጥላ በእጄ ያገኘሁት በኢናሜል ቀለም ስለነበር ሰፋ ያለውን የክንፍ ክፍል በእርሱ ደገምኩት። ሲነካ የደረቀ በመሰለ ጊዜ ላከር ቫርኒሽ ረጨሁበት። ደቂቃ ሳይሞላ ገጹ ተንቀሳቀሰ፤ አበጠ፣ ተሸበሸበ፣ ከክንፉ ሥር እስከ ጫፉ ተቆራርጦ ቆመ። ይህ ምትሃት አይደለም። ኢናሜል በመጀመሪያ ፈሳሹ በመትነን ይደርቃል፣ ከዚያ ግን ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል፤ ይህ ሁለተኛው ሂደት ቀናት ይወስዳል። ላከር የያዘው ብርቱ ቲነር (ቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ) ይህን ገና ያልጠና ሽፋን ሰርጎ ያሳብጠዋል፤ ያበጠው ሽፋን መሄጃ ስለሌለው ወደ ላይ ይታጠፋል።

ሊታወስ የሚገባው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ብርቱው ከታች፣ ለስላሳው ከላይ። ላከር ከሥር ሲሆን አክሪሊክም ኢናሜልም በላዩ ላይ በሰላም ያርፋሉ፤ በደረቀ አክሪሊክ ላይ ኢናሜልና የዘይት ቀለም ያለ ችግር ይሠራሉ። በተገላቢጦሽ፣ ላከርን በኢናሜል ላይ መርጨት የግድ ከሆነ ኢናሜሉ ፈጽሞ መጥናት አለበት፤ ላከሩም ሳያረጥብ በጣም ስስ ሆኖ ደጋግሞ ሊነፋ ይገባል። እኔ ግን ይህን እንደ መደበኛ አሠራር እንድትይዙት አልመክርም። «አክሪሊክ» የሚለው ስም ራሱም ያሳስታል፤ ከአክሪሊኮች መካከል በውሃ ብቻ የሚቀጥኑ አሉ፣ በአልኮልና በላከር ቲነር ጭምር በደንብ የሚቀጥኑም አሉ። የመጀመሪያዎቹ አልኮል ሲገባባቸው ወደ ዝልግልግ ጓል ሊለወጡና ኤርብራሽን (ቀለምን በአየር ግፊት የሚረጨውን መሣሪያ) ሊዘጉ ይችላሉ። የማታውቁትን ቀለምና ቲነር በጠርሙስ ክዳን ላይ ጥቂት ጠብታ አቀላቅላችሁ ሳታዩ ወደ ሥራ አትግቡ። ላከርን ስታነሡ ደግሞ ጤናችሁንም አስቡ፤ ተራ የአቧራ ጭምብል የቲነርን ትነት አያግድም፤ ለትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭምብል፣ ወደ ውጭ አየር የሚያስወጣ ማራገቢያና ከእሳት የራቀ ቦታ ያስፈልጋል።

ወደ ክንፉ ልመለስ። የተሸበሸበውን ቀለም ገና ለስላሳ እንደሆነ በጥጥ ጠረግሁት። ጥጡ የላይኛውን ሽፋን ቀድዶ ከሥሩ ያለውን ደህና ግራጫ አወጣ፣ የጥጡም ፀጉር ተጣብቆ ቀረ፤ በአንድ ጎን ብቻ የነበረው ጉዳት ወደ መንኮራኩሩ ቤት ተሻገረ። ለማንኛውም ሰው አንድ ምክር ብቻ እንድሰጥ ብፈቀድ የምሰጠው ይህን ነው፦ ቀለም እየረጠበ ጥፋት ስታዩ ብሩሹንም ጥጡንም አስቀምጡ፣ ሞዴሉን በንጹሕ ካርቶን ሸፍኑና ከክፍሉ ውጡ። መለስተኛ ሽብሻብ ከጠነከረ በኋላ በውሃ ታሽቶ ይስተካከላል። የወደቀ አቧራ ወይም ፀጉር ከደረቀ በኋላ በ2000 ቁጥር ወረቀት ይነሣል፤ እርጥብ ሳለ በወረንጦ ሊነሣ ሲሞከር ግን ጎድጓዳ ትቶ ይሄዳል። የጣት አሻራም እንዲሁ ነው። ወዲያውኑ መንካት የሚፈቀድበትን ሁኔታ አንድ ብቻ አውቃለሁ፤ ቀለም በዝቶ መፍሰስ ሲጀምር ሞዴሉን አዘንብሎ ፈሳሹ ወደ ጠርዝ እንዲሄድ ማድረግና እዚያ የተጠራቀመውን በደረቀ ብሩሽ ጫፍ ሳይጫኑ እንዲመጠጥ ማድረግ ነው። ከዚያ ያለፈው ሁሉ ለነገ ይቆይ።

ክንፉ ግን በመታሸት የሚድን አልሆነም፤ ቀለሙ መነሣት ነበረበት። እዚህ ላይ ትልቁ ጥያቄ ምን ያህሉ ይነሣ የሚለው ነው። መላውን ሞዴል ፈሳሽ ውስጥ መንከር የሚያጓጓ ቢሆንም ትናንሽ ክፍሎችን፣ የአብራሪውን ክፍልና የሙጫ መገጣጠሚያዎችን ለአደጋ ያጋልጣል። የእውነተኛ አውሮፕላን አካል ከብዙ ብረት ሰሌዳዎች የተሠራ ስለሆነ በሞዴሉም ላይ የሰሌዳዎቹ መገጣጠሚያ መስመሮች ተቀርጸዋል፤ የሚነሣውን ቀለም በእነዚህ መስመሮች ወሰንኩት። አዲሱ ቀለም ከአሮጌው ትንሽ ቢለይ እንኳን ልዩነቱ በመስመር ላይ ስለሚያልቅ ዓይን እንደ ተፈጥሯዊ ይቀበለዋል። መኪና የምትሠሩም በር፣ ኮፈንና ጣሪያ እንደዚሁ ወሰን ይሆኗችኋል።

ማንሻውን በቀለሙ ዓይነት ምረጡ። አብዛኞቹ አክሪሊኮች 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይለሰልሳሉ፤ በአልኮሉ የረጠበ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ አልብሶ በጥርስ ብሩሽ ማሸት ይበቃል። ኢናሜልና ላከር ይበልጥ ግትር ናቸው። ኮስቲክ ሶዳ ያለባቸው የምድጃ ማጽጃዎች ብዙ ዓይነት ቀለም ያነሣሉ፣ ፖሊስታይሪንንም አይጎዱም፤ ነገር ግን ቆዳና ዓይን ያቃጥላሉ፣ አሉሚኒየምን ይበላሉ፣ የተለበጠ ክሮምንም ይገፋሉ፤ ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አይነኩም። ፕላስቲክን የሚያሟሙ እንደ አሴቶን ያሉ ፈሳሾች፣ ቤንዚንና በላከር ቲነር መንከር ከዝርዝሩ ውጭ ይሁኑ። የትኛውንም ማንሻ ብትመርጡ ክፍሎቹ ከተቆረጡበት ፍሬም ቁራጭ ላይ ቀድማችሁ ሞክሩ፤ ያ ፍሬም ከሞዴሉ ጋር አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ስለሆነ የሚነግራችሁ እውነት ነው። ስለዚህም ሥራው ሳያልቅ አትጣሉት። ግልጽ የሆኑትን የመስታወት ክፍሎች ከማንኛውም ማንሻ አርቁ።

ከተነሣ በኋላ ክንፉ ታጠበ፣ ፕራይመሩን በሙሉ ልብ ተቀበለ፣ እንደገናም ወደ ኤርብራሹ ተመለስኩ። አሁን ደግሞ በፍርሃት ብዛት ከሩቅ ስረጭ ገጹ ሻከረ፤ ይህ ሞዴል ሠሪዎች የብርቱካን ልጣጭ የሚሉት ነው። የሚፈጠረው የቀለም ጠብታ ገጹ ላይ ደርሶ ለመዘርጋት ጊዜ ሳያገኝ በአየር ላይ ሲደርቅ ነው፤ ምክንያቱ የወፈረ ቀለም፣ ከመጠን ያለፈ ግፊት ወይም የራቀ ርቀት ሊሆን ይችላል። ተቃራኒው ጥፋት ቀለሙ በጣም ቀጥኖ ወይም የኤርብራሹ አፍንጫ በጣም ቀርቦ በነፋሱ ሲገፋና እግር አውጥቶ ሲበታተን የሚታየው ነው። ለ0.3 ሚሊ ሜትር አፍንጫ ከ1 እስከ 1.4 ባር ግፊትና ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ርቀት መነሻ ይሆናችኋል፤ ከዚያ በኋላ ቀለሙ ራሱ ይመራችኋል። ቅጥነቱን ለመለካት ቀለሙን በመቀላቀያው ዕቃ ግድግዳ ላይ ወደ ላይ ግፉት፤ ስስ ሽፋን ትቶ ሳይንጠባጠብና ሳይዘገይ ተመልሶ ከወረደ ልኩን አግኝቷል። ትክክለኛው እጅ ቀለም ሲያርፍ ለአፍታ እርጥብ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ የሚያብለጨልጭ ነገር ካላያችሁ ደረቅ ብናኝ ነው የምትረጩት። የሻከረው ገጽ በ2000 ቁጥር ወረቀት በውሃ ታሽቶ አንድ እርጥብ እጅ ሲደገምበት ይስተካከላል፤ የእኔም እንዲሁ ተስተካከለ።

በቆርቆሮ የታሸገ የሚረጭ ቀለም የምትጠቀሙ ደግሞ ቆርቆሮውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት አቆዩት፤ ግፊቱ ይስተካከላል፣ ጠብታውም ይደቃል። የፈላ ውሃና እሳት ግን ያፈነዳዋል። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ መርጨቱን ከሞዴሉ ውጭ ጀምሩ፣ ከሞዴሉ ውጭም ጨርሱ፤ ትላልቅ ጠብታዎች የሚወድቁት ቁልፉ ሲጫንና ሲለቀቅ ነው። ሞዴሉን ከመንካታችሁ በፊት ሁልጊዜ በፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ላይ ሞክሩ። የማንኪያው ጎባጣ ገጽ የአውሮፕላንን አካል ወይም የመኪናን ጣሪያ ባሕርይ ስለሚመስል ከጠፍጣፋ ካርቶን የተሻለ ይመሰክራል።

የክንፉ የፊት ጠርዝ ቢጫ መስመር አለው። ቢጫ ደካማ ቀለም ነው፤ በጠቆረ አረንጓዴ ላይ ቢደጋገም እየወፈረ ይሄዳል እንጂ አይደምቅም። ከሥሩ ነጭ ይደረግለትና በሁለት ስስ እጅ ይጨርሳል። ቀይም እንዲሁ ብሩህ መሠረት ይወዳል።

ቀለም ደርቋል ወይስ ጠንቷል የሚለውን ለመለየት አፍንጫ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ሞዴሉን አቅርባችሁ ስታሸቱት የቲነር ሽታ ካለው አሁንም እየወጣ ያለ ፈሳሽ አለ፤ ለቴፕም፣ ለጣትም፣ ለቫርኒሽም አልደረሰም። አንጸባራቂ ኢናሜል ከሁሉም የሚዘገይ ነው። በመጠበቅ ላይ ሳላችሁም ሞዴሉን በእጅ አትያዙት፤ በፕሮፔለሩ ቀዳዳ ወይም በሌላ በማይታይ ቦታ እንጨት ሰክታችሁ በዚያ ያዙት።

ቀጥሎ የመጣው የምልክቶቹ ተራ ነበር። ምልክቶቹ የታተሙባቸው ስስ ተለጣፊዎች፣ በውሃ የሚላጡት ዲካሎች፣ ደብዛዛ ቀለም ላይ ሲለጠፉ በቀለሙ ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ አየር ይታሰራል፤ ያ አየር ብርሃን ሲመታው ግልጽ የነበረው የዲካሉ ጠርዝ የብር መልክ ያወጣል። መከላከያው ከዲካሉ በፊት አንጸባራቂ ቫርኒሽ መቀባት ነው። በእኔ ሞዴል በአንደኛው ክንፍ ላይ ያለው ክብ ምልክት ቫርኒሹ በሳሳበት ቦታ አርፎ ብር ለበሰ። የተለጠፈ ዲካልን መቅደድ አያስፈልግም፤ ብር የለበሰውን ቦታ በቀጭን መርፌ ወጋ ወጋ አድርጋችሁ የዲካል ማለስለሻ ፈሳሽ ጣል አድርጉበት፤ ፈሳሹ በቀዳዳዎቹ ገብቶ አየሩን ይተካል። ሲደርቅ ያልተስተካከለ ቦታ ካለ ይደገማል። ማለስለሻው ሲነካው ዲካሉ መጀመሪያ ይጨማደዳል፤ ብዙ ሰው ደንግጦ በጣቱ ሊያስተካክለው የሚሞክረውና የሚቀድደው ያን ጊዜ ነው። ከተተወ ሲደርቅ በራሱ ተዘርግቶ እስከ ሰሌዳ መስመሮቹ ድረስ ይገባል። መስመሮቹን በቀጭን ኢናሜል የምታጠቁሩ ከሆነም ዲካሉ በአንጸባራቂ ቫርኒሽ ከታሸገ በኋላ ይሁን፤ የኢናሜል ቲነር ባልተቀባ ፕላስቲክ ላይ በተለይም ተወጥረው በተጣበቁ ክፍሎች ላይ ከተጠራቀመ ስንጥቅ ሊያመጣ ይችላል።

የመጨረሻው ደብዛዛ ቫርኒሽ ነው፤ በእኔ አስተያየትም ከሁሉም እጅግ የሚፈራው እርሱ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ አልቋልና። እርጥበት በበዛበት አየር ላይ ስረጭ ጠቆር ያለው አረንጓዴ ወተትማ ጉም ለበሰ። ቲነሩ በፍጥነት ሲተን ገጹን ያቀዘቅዛል፣ በአየሩ ያለው እንፋሎት በቀዘቀዘው ገጽ ላይ ወደ ውሃ ይለወጣል፣ ያም ውሃ በሚደርቀው ቫርኒሽ ውስጥ ይታሰራል። ሌላም ምክንያት አለ፤ ቫርኒሹን ደብዛዛ የሚያደርገው ደቃቅ ዱቄት በጠርሙሱ ሥር ስለሚዘቅጥ በደንብ ካልተበጠበጠ ወይም በወፍራሙ ከተረጨ በጉድጓዶች ውስጥ እንደ በረዶ ነጥቶ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ግን ከበፊቱ ስለተማርኩ ሞዴሉን ሸፍኜ ወጣሁ። አየሩ ደረቅ በሆነበት ሌላ ቀን ያንኑ ዓይነት ቫርኒሽ፣ ደብዛዛውን ሳይሆን አንጸባራቂውን፣ በስሱ ረጨሁበት፤ ጉሙ ጠፍቶ ቀለሙ ተመለሰ። ከዚያ በደንብ የተበጠበጠ ደብዛዛ ቫርኒሽ በሁለት ስስ እጅ አለፈበት። ያልሰለጠነ ዓይን ይህን ዘዴ አያምነውም፤ ዱቄቱና የታሰረው ውሃ የተዋቸው ጥቃቅን ክፍተቶች በግልጽ ሙጫ ሲሞሉ ብርሃን መበተናቸውን ያቆማሉ። ለራሴ ያወጣሁት ሕግ የአየሩ እርጥበት ከ70 በመቶ ካለፈ ቫርኒሽ አለመክፈት ነው፤ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ በመርጫው ቦታ አጠገብ ሰቅያለሁ።

የአብራሪውን መስታወት የሸፈነውን ቴፕ ከማንሣታችሁ በፊት በአዲስ ምላጭ ጠርዙን በስሱ ተከተሉት፤ የቀለሙ ሽፋን ከቴፑ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሳይቆረጥ ከተሳበ ክፈፉን ጥርስ ጥርስ አድርጎ ይተወዋል። የቀረ ጠርዝ ካለ በትንሹ በረጠበ የጥርስ መፋቂያ ጫፍ ይገፋል እንጂ በብረት አይፋቅም። መስታወቱን በሱፐር ግሉ አታጣብቁት፤ ትነቱ ከውስጥ ያነጣዋል፣ ከውስጥ የነጣውን ደግሞ ከተጣበቀ በኋላ ማጽዳት አይቻልም። ሲደርቅ ግልጽ የሚሆን ነጭ ሙጫ ይበቃዋል። ከውጭ የተጫረውን ግን ከ3000 ቁጥር ጀምሮ እየደቀቀ በሚሄድ ወረቀት፣ በመጨረሻም በማወልወያ ቅባት ማብራት ይቻላል።

ትናንሽ ጭረቶችን በቀለም በሚሠራ የዝገት፣ የተፋቀ ቀለምና የጥቁር ጭስ መልክ መሸፈን የተለመደ ነው። በስፒትፋየር ላይ ቀለም የሚፋቀው መካኒኮች በሚረግጡት የክንፍ ሥር፣ ጭሱም የሚያርፈው ከጭስ ማውጫዎቹ ኋላ ስለሆነ፣ ጥፋታችሁ እዚያ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። በጅራቱ መካከል ላይ የተደረገ ፍቅፋቂ ግን ምን ለመደበቅ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ጮኾ ይናገራል። አንድ ጉድለት ይጠገን ወይስ ይተው ብላችሁ ስታመነቱ፣ ሞዴሉን በተራ የክፍል ብርሃን ከክንድ ርቀት ተመልከቱት፤ መብራት አዘንብላችሁ ካልሆነ በቀር የማይታይ ከሆነ ተዉት። የምትጠግኑት ከሆነ ደግሞ በብሩሽ የተነካው ቦታ ከተረጨው የተለየ አብለጭላጭ ሆኖ ቢታያችሁ አትደንግጡ፤ የመጨረሻው ቫርኒሽ ያስማማዋል። ለዚህም ሲባል የቀላቀላችሁትን እያንዳንዱን ቀለም ጥቂቱን አጥብቆ በሚዘጋ ትንሽ ጠርሙስ አስቀሩ፤ የቅልቅሉን መጠንና የቲነሩን ዓይነትም በላዩ ጻፉበት።